ትንሽ ጨጓራ፣ ትልቅ ገበታ

 

የዛሬው ጉዳያችን ለብዙዎቻችሁ የሩቅ ወሬ ይመስላችኋል። ክብደት ለመቀነስ ሲል የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት ይብላ? እንዴት ይንቀሳቀስ? ኪሎው ሲወርድ፣ ሲቆም፣ አንዳንዴም ተመልሶ ሲጨምር ምን ያድርግ? «ዋግ ኽምራ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ውፍረት ማውራት ምን የሚሉት ነው?» የሚል ይኖራል፤ ቢልም አልፈርድበትም። የዋና ከተማችን የሰቆጣ ስም በአገር ደረጃ የሚነሣው ከረሃብና ከሕፃናት መቀንጨር ጋር ነው። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ኢትዮጵያውያን ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ፤ ከሚገባው በላይ ክብደት የነበራቸው 8 በመቶ ብቻ ናቸው።

ታዲያ ለምን አነሣነው? ልጆቻችን ዓረብ አገር ናቸው፣ አሜሪካ ናቸው፣ አዲስ አበባ ናቸው። ቀን ሙሉ ተቀምጦ መሥራት፣ ሌሊት መብላት፣ ለስላሳና ሩዝ ማብዛት ሰውነትን ይለውጣል፤ ስኳርና ደም ግፊትም ይከተላል። የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ደግሞ በሳዑዲና በባሕረ ሰላጤው አገሮች እጅግ የተለመደ ሆኗል። ያደረገችው እኅት ለበዓል አገሯ ስትገባ የምትቀመጠው እናቷ ጎጆ፣ እናቷ ገበታ ላይ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ቅርባችን ያለ ነው። በጨጓራ ቁስለት ቆይተው የጨጓራቸው መውጫ የጠበበባቸው፣ ወይም በዕጢ ምክንያት ጨጓራቸው በከፊል የተቆረጠላቸው ሰዎች በመካከላችን አሉ። የእነሱም ችግር ገበታ ላይ ሲቀርቡ ያው ነው።

የውፍረቱና የቁስለቱ ቀዶ ሕክምና ዝምድና በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰን የሚባሉ ቀዶ ሐኪም ከባልደረባቸው ከቺካሺ ኢቶ ጋር ሆነው ውፍረትን ለማከም የመጀመሪያውን የጨጓራ ባይፓስ ሠሩ። ሐሳቡን ያገኙት ከቁስለት ሕመምተኞች ነው፤ ለቁስለት ሲባል ጨጓራቸው የተቆረጠላቸው ሰዎች ይከሱ እንደነበር፣ ከከሱም በኋላ መልሰው መወፈር እንደሚቸግራቸው አይተዋል። ለቁስለት ሕመምተኛ ጉዳት የነበረውን ለወፍራም ሰው መድኃኒት አደረጉት። ስለዚህ አባወራው ለቁስለቱ፣ ልጁ ለውፍረቷ ቀዶ ሕክምና ያደረጉበት ቤት ካለ፣ አባትየው «እዚህ ጋ ይይዘኛል» ሲል ልጅቱ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ስንት ዓይነት ቀዶ ሕክምና አለ የሚለውን ባጭሩ ልለፈው፤ ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል። «ስሊቭ» በሚባለው ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የሚይዘውም ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር፣ በእኛ መለኪያ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው። «ባይፓስ» በሚባለው ከጨጓራው ጫፍ ላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትቀጠላለች፤ ይህም የሲኒ እኩሌታ ነው። ሁለት ሲኒና ግማሽ ሲኒ፤ እነዚህን መጠኖች ያዙልኝ።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ። አንዲት እኅት ከሪያድ መጣች እንበል፤ ቀዶ ሕክምናውን ካደረገች አራተኛ ወሯ ነው። ፍየል ታርዷል፣ ማሽላና ጤፍ ተደባልቆ ተጋግሯል፣ እናት ከሦስት ዓመት በኋላ ልጇን አይታለች። መሶቡ ይቀርባል። ልጅቱ አንዲት ቁራሽ ሥጋ አንስታ አኝካ አኝካ ትውጣለች፤ ሁለተኛዋን ትደግማለች፤ እጇን ትሰበስባለች። እናት እጇን ወደ ልጇ አፍ ትዘረጋለች፤ «አፈር ስሆን!» አክስት ትከተላለች፤ «በሞቴ!» አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይታከላል። ያን ጊዜ ልጅቱ ንፍጥ ንፍጥ ይላታል፣ ስቅ ይላታል፣ ደረቷ መካከል እንደ ድንጋይ የሚጫን ነገር ይሰማታል፣ አረፋ የመሰለ ምራቅ አፏን ይሞላዋል። ወደ ጓሮ ትሮጣለች። ቤተ ሰቡ «ምን አቅምሰዋት ነው?» ይላል። ማንም ምንም አላቀመሳትም። ሁለት ሲኒ በሚይዝ ቦታ አራት ሲኒ ገብቶ ነው።

ንፍጡና ስቅታው ጨጓራው «ሞላሁ» የሚልበት ቋንቋ ነው። ጥጋብ በአሮጌው ጨጓራ በሆድ ይታወቅ ነበር፤ በአዲሱ በአፍንጫና በጉሮሮ ይታወቃል። ምልክቱ ሲመጣ የምትቀረው አንዲት ጉርሻ እንኳ ብትሆን ሳይጎርሱ መተው ነው። ለዚህም ነው ከባለ ቀዶ ሕክምናዋ ይልቅ ለአብላዮቹ መናገር የፈለግሁት። እርሷን ሐኪሟ መክሯታል፤ እናትን ግን ማን መከራት? እኔ ጉርሻን አልነቅፍም፤ አገሬው ፍቅሩን የሚገልጽበት ነው። ግን ለእንዲህ ያለው ሰው ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ ቁጥሩ አንድ ይሁን፣ ቀጥሎም እጅ ይሰብሰብ።

አበላሉ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። ሐኪም ከሐኪም ይለያያል እንጂ በጥቅሉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የፈሳሽ ናቸው፤ ስቡ የተገፈፈ መረቅ፣ ስኳር ያልገባበት ቀጭን አጥሚት፣ ወተት። ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት የላመ ምግብ ነው፤ በርበሬና ዘይት ያልበዛበት ቀጠን ያለ ሽሮ፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ምስር፣ እርጎ። ከዚያ እስከ ሁለተኛው ወር ለስላሳ ነገር ይመጣል፤ ዓይብ፣ የለሰለሰ የእንቁላል ፍርፍር፣ እሾሁ በደንብ የተለቀመለት ዓሣ። ከተከዜ ግድብ ሐይቅ የሚወጣው ዓሣ ለዚህ ሰው ከፍየል ጥብስ በብዙ እጅ ይሻላል፤ ይላማል፣ ፕሮቲኑም የተሟላ ነው። እንጀራ የመጨረሻው ነው፤ ወጥ ሲጠጣ አብጦ ጠባቡን መንገድ ይዘጋል። ሲጀመርም በጣት በምትያዝ ቁራሽ፣ ደረቅ ያለው ተመርጦ ይሁን። ቆሎና ቋንጣ ይቆዩ።

ከሁሉ በፊት የሚበላው ፕሮቲን ነው። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ይመከራል። እንቁጠረው፤ ሁለት እንቁላል 12 ግራም ያህል አለው፤ ግማሽ ሊትር ወተት ወይም እርጎ 16፤ አንድ ብርጭቆ የበሰለ ምስር 18፤ 100 ግራም የበሰለ ዓሣ 20 ገደማ። ተደምሮ 66 ይሆናል። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ቁጭታ አይገባም፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እየተከፋፈለ፣ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት እየተወሰደ ነው። እንጀራው መጀመሪያ ከተበላ ቦታው በእንጀራ ይሞላና ፕሮቲኑ ደጅ ይቀራል። ያኔ ሰውየው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻውንም ያጣል።

ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም። ምግብ በልቶ ግማሽ ሰዓት ይታገሡና ከዚያ ቀስ እያሉ መጎንጨት ነው፤ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል መድረስ አለበት። እንደ ዝቋላና አበርገሌ ባሉ የዋግ ቆላዎች ሙቀት ውስጥ ከዚህም በላይ ያስፈልጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰዎች ወደ ሆስፒታል ከሚመለሱባቸው ምክንያቶች አንዱ የውኃ እጥረት ነው።

የዋግን ማር ሳላነሣ ብቀር አገሬው ይታዘበኛል። እንግዳ መጣ ሲባል ማር ይቆረጣል፣ ብርዝ ይቀዳል። በተለይ ባይፓስ ላደረገ ወይም ለቁስለት ጨጓራው ለተቆረጠ ሰው ግን ይህ ክፉ ግብዣ ነው። ጣፋጩ ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ በአንድ ጊዜ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ አንጀትም ውኃ ከደም ይስባል። ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይከተላል፤ ሰውዬው ጋደም ማለት ይፈልጋል። ሐኪሞች «ዳምፒንግ» ይሉታል። ሌላም አለ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የደም ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል፣ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይጨልማል። «ቡዳ በላው» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደጠጣ ጠይቁ። ጠላና አረቄም እንዲሁ ናቸው። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖና በዝቶ ነው፤ ቀድሞ ሦስት ዋንጫ የማያንገዳግደው ሰው በአንዱ ይወድቃል። በማኅበርና በዝክር ላይ ጽዋ አለመቀበል ነውር ይመስላል፤ ከንፈር አስነክቶ መመለስን የመሰለ መላ ግን አለ፣ ድሮም ነበረ።

ስለ ጾም ብዙ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ውሎ በአንድ ጊዜ መብላት ለዚህ ጨጓራ ፍጹም የማይስማማ ነው፤ አንደኛ አይችለውም፣ ሁለተኛ የቀኑን ፕሮቲንና ውኃ በቀሩት ጥቂት ሰዓታት ማሟላት አይቻልም። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኝ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርቡ፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ ሲታከሉ የዓመቱ እኩሌታ ያህል ይሆናል። ቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው መንገድ አላት፤ ጉዳዩን ለንስሐ አባት ገልጦ መነጋገር እንጂ በድብቅ መብላትም፣ በድብቅ መጎዳትም አያስፈልግም። ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት የጾም ዓመት አይሁን ብዬ እመክራለሁ። ከዚያ በኋላ መጾም የፈለገ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ሰሊጡንና ሱፉን አጠናክሮ፣ ሰዓቱን አስፈቅዶ፣ ቢ12ቱን በመርፌ ወይም በኪኒን ወስዶ ይጹም። ረመዳን የምትጾሙ ወንድሞችና እኅቶችም ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ከተሜው መሮጫ ማሽን ይገዛል፤ እኛ ዳገት አለን። በእግር መሄድ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ ይፈቀዳል፤ መጀመሪያ ከበር እስከ አጥር፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት፣ በሁለተኛው ወር እስከ ገበያ። የተለመደው ምክር በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ሄዶ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጨርሶታል። ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የሚከለከለው ከባድ ዕቃ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ገና ያልጠና ሆድ ይህን ሲሸከም ቁስሉ ተከፍቶ አንጀት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ወር ተኩል ውኃውን ሌላ ሰው ይቅዳ፤ ባልም ቢሆን። ቁስሉ ከጠና በኋላ ደግሞ ጡንቻን ማሠራት ያስፈልጋል። መደብ ላይ ተቀምጦ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ፣ ምንም ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ነው፤ ትንፋሽ ሰብስቦ መድገም። ያለ ወጪ የሚሠራ ነው፣ ጭንና ዳሌን ያጠነክራል።

ወደ ኪሎው ልሂድ። ክብደት በጣም የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፤ ከ12 እስከ 18 ወር ሲደርስ ይረጋል። በመካከሉ ግን ይቆማል። ገና በመጀመሪያው ወር አካባቢ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ንቅንቅ የማይልበት ጊዜ አለ፤ ብዙዎች በዚህ ተስፋ ቆርጠው ምግብ ጨርሰው ይተዋሉ። ስሕተት ነው፤ ቆይቶ ይቀጥላል። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ ላርስ ሾስትሮም የመሩት ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ባይፓስ ያደረጉ ሰዎች በመጀመሪያው አንድ ሁለት ዓመት በአማካይ ከመነሻ ክብደታቸው 32 በመቶ ቀነሱ፤ በአሥረኛው ዓመት ቅነሳው 25 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በ120 ኪሎ የጀመረች ሴት 82 ገደማ ወርዳ፣ በአሥረኛው ዓመት 90 ላይ ትገኛለች ማለት ነው። ስምንት ኪሎ መመለሱ ውድቀት አይደለም፤ ሠላሳው ግን አልተመለሰም። እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚመረመረው ቀኑን ሙሉ እየተቃመ የሚውለው ነገር፣ ሻይ ውስጥ የሚገባው ስኳርና ለስላሳው ነው።

እኛ አገር ሌላ ፈተና አለ። «ከሳሽ» የሚለው ቃል እዚህ ሐዘኔታ ነው። ጎረቤት አገጭ ይዞ «ምን አገኘሽ?» ይላል፤ ከኋላ ደግሞ ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ኤች አይ ቪ ይንሾካሾካል። ሦስተኛው ወር ላይ ፀጉር መነቃቀል ይጀምራል፤ ወሬው ይብሳል። የፀጉሩ መነቃቀል በአብዛኛው ጊዜያዊ ነው፤ ፕሮቲንና ብረት ከተሟላ በስድስት በስምንት ወር ይመለሳል። ለማን ምን መንገር እንዳለባት የምትወስነው ባለ ጉዳይዋ ናት፤ ነገር ግን ከቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው፣ በተለይ ምግብ የሚያቀርበው፣ ሁሉንም ቢያውቅ ይሻላል። ይህን ስል ግን ክሳት ሁሉ በቀዶ ሕክምናው ይሳበብ ማለቴ አይደለም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት ካለ አክታ ይመርመር። ለቁስለት ቀዶ ሕክምና ያደረገና ሲጀመርም ቀጭን የነበረ ሰው ደግሞ መክሳት ከጀመረ ቶሎ ይምጣ፤ ለእርሱ ክሳቱ ጉዳት ብቻ ነው።

ቫይታሚኖቹ ዕድሜ ልክ ናቸው። ሰው ይህን አይወደውም፣ ግን እውነቱ ይሄው ነው። ከውጭ የመጣው ጠርሙስ በሦስት ወር ያልቃል፤ «ደኅና ነኝ» ብሎ መተው ይመጣል። ጉድለቱ ወዲያው አይታይም፤ ቢ12 በጉበት ተከማችቶ ስለሚቆይ ከዓመት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እግር ሲደነዝዝ ነው የሚታወቀው። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋው የ1000 ማይክሮ ግራም መርፌ ለእኛ ሁኔታ ይመቻል። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ቢ12 የለውም፤ «ቫይታሚን እየወሰድኩ ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ብረትና ካልሲየም አብረው አይዋጡም፣ ሁለት ሰዓት ይለያዩ። ብረት ከቡና ጋርም አይሆንም። ሦስቱንም ሲኒ ተዉ አልላችሁም፤ ኪኒኑን አርቁት።

ለሴቶች አንድ ነገር፤ ክብደት ሲቀንስ የተዛባ የወር አበባ ይስተካከላል፣ ፅንስም ሳይታሰብ ይመጣል። ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና ይቆይ። የሚዋጠው መከላከያ ከባይፓስ በኋላ በሚገባ ላይሠራ ስለሚችል፣ በክንድ የሚቀበረውን ወይም በማሕፀን የሚቀመጠውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ወደ ግራ ትከሻ የሚወጣ ሕመም፤ በማንኛውም ጊዜ ውኃ እንኳ የማይረጋበት ትውከት፣ ጥቁር ሰገራ፣ ድንገተኛ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት። ብዙ ቀን ያስመለሰ ሰው ሐሳቡ ከተምታታ፣ ዓይኑ ከተወላገደ፣ አረማመዱ ከተዛባ ቫይታሚን ቢ1 አልቆበት ሊሆን ይችላል፤ ጉሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ1 እንዲሰጠው ያስፈልጋል፣ ይህንንም ለባለሙያው ንገሩ። ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ለመድረስ ነገን አትጠብቁ፤ መኪና በሚገኝበት ሰዓት ውጡ።

ስትሄዱም ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። የተደረገው ስሊቭ ይሁን ባይፓስ፣ መቼ፣ የት፣ በማን እንደተደረገ የሚናገር ወረቀት ነው። ዓረብኛ ከሆነ አዲስ አበባ ስታልፉ አስተርጉሙት፤ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለቤተ ሰብም ላኩት። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሊሰጣችሁ የሚል ካለ ወረቀቱን አሳዩት፤ እነዚህ መድኃኒቶች የተቀጠለውን ቦታ ያቆስላሉ፣ ፓራሲታሞል ይሻላል። የደም ምርመራው በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው፣ በዓመቱ፣ ከዚያም በየዓመቱ ነው። ለበዓል የምትመጡ ልጆቻችን ቀጠሯችሁ ከመንገዳችሁ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድማችሁ አስተካክሉ፤ የቢ12 መርፌውን ግን ከመነሣታችሁ በፊት ተወጉ።